ከነስህተቱ መመለስ

አዲስ ነገር እወዳለሁ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ስልኬ «አዲስ ማሻሻያ መጥቷል፣ ልጫነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሌላው ሰው «በኋላ» የሚለውን ነክቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ «አሁን» እላለሁ። ቡራዩ ውስጥ፣ ከታክሲ መያዣው ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንዲት በር ያላት የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለችኝ። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ነው የከፈትኳት። ለመጣልኝ ኮምፒውተር ሁሉ የማዘው መድኃኒት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፦ ፎርማት። ዘገየ? ፎርማት። ቫይረስ ገባው? ፎርማት። ድምፅ አልሰማ አለ? ድምፁን ከሰጠነው በኋላ እግረ መንገዳችንን ፎርማት። ምንም ዓይነት ሕመም ይዞት ለመጣ ሰው ያችኑ አንዷን መርፌ እንደሚወጋ የድሮ ድሬሰር ነበርኩ።

ፎርማት ማለት የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ ጠርጎ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን ነው። ደንበኞቼ እንዲህ ረጅም ስም አይጠሩለትም፤ «ዊንዶው ጫኚልኝ» ይሉኛል፣ እጭንላቸዋለሁ። ሌላው ፕሮግራም ሁሉ የሚቆመው እሱ ላይ ነው፤ እሱ መሬቱ ነው፣ ሌሎቹ ቤቶች ናቸው። መሬቱ ሲቀየር በላዩ የቆመው ቤት ምን ይሆናል ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ ተጨንቄ አላውቅም። ካልቆመ አዲስ ቤት ይሠራበት ባይ ነበርኩ።

በሙያችን ደግሞ አንድ የቆየ ልማድ አለ። የተቀየረ ዕቃ ጥገና ቤት ይቀራል። ጋራዥም ሄዳችሁ ብታዩ እንደዚያው ነው፤ መኪናው አዲሱን ዕቃ ይዞ ይወጣል፣ አሮጌው ጥግ ላይ ይወረወርና ከርሞ ለሌላ ሰው መኪና ይሆናል። ባለ ንብረቱም አይጠይቅም፣ ባለሙያውም አይመልስም። እኔም መደርደሪያዬን የሞላሁት በዚህ ልማድ ነው።

ከሱቄ ሦስት በር አለፍ ብሎ አንድ የጥልፍ ቤት አለ። ባለቤቷ ወደ ስልሳ የተጠጉ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ይላቸዋል፣ እኔም እትዬ እላቸዋለሁ። ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው፣ ቡራዩ ገና እርሻና ሜዳ ሳለች። ሲደሰቱ በኦሮምኛ ይናገራሉ፣ ሲቆጡም በኦሮምኛ ይናገራሉ፤ ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ ግን አማርኛቸው የሚናቅ አይደለም። የቤታቸውን የውስጥ ግድግዳ ተደግፎ፣ ያገለገለ ሆኖ ከውጭ የመጣ ትልቅ የጥልፍ ማሽን ቆሟል። አጠገቡ ነጭ የነበረ፣ አሁን የጎመን ሾርባ የመሰለ ኮምፒውተር አለ። እትዬ ሥዕሉን ኮምፒውተሩ ላይ ይስላሉ፤ ኮምፒውተሩ ለማሽኑ «እዚህ ውጋ፣ እዚያ ዝለል፣ አሁን ቀዩን ክር» እያለ ያዘዋል። ከዚያ ከአንድ ፕሮግራም በቀር እትዬ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ነገር የለም። ያን አንዱን ግን አሥራ አንድ ዓመት ኖረውበታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ያንን ኮምፒውተር በነጠላ ጠቅልለው፣ ሕፃን እንዳዘለ ሰው ዝቅ ብለው ወደ ሱቄ ገቡ።

«ልጄ፣ አቧራውን ንፊልኝ። ሲነሳ ያቃስታል» አሉኝ።

«ሥራውስ እንዴት ነው፣ እትዬ?»

«ሥራው ደህና ነው። አቧራውን ብቻ።»

ከዚያ ስለያዙት ሥራ አጫወቱኝ። ሥራውን ያዘዟቸው ሰበታ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ከደቡብ የመጡ ልጆች፣ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ናቸው። ለመጪው እሑድ አዲስ አዳራሻቸው ይመረቃል፣ የሚለብሱትም አርባ ሁለት ጋውን ተሰፍቶ አልቋል፤ የቀረው ደረቱ ላይ የምትጠለፈዋ ርግብ ብቻ ናት። ባለፈው ዓመት ለሌላ ቤት ሰጥተው ልብሱ ሳይደርስላቸው ቀርቶ፣ በዓላቸውን እያንዳንዱ ያለውን ለብሶ፣ አንዱ በሹራብ አንዱ በጃኬት ሆኖ ነው የዘመሩት። የመዘምራኑ መሪ፣ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ፣ ይህን ስትነግራቸው እንባዋ መጥቶ ነበር።

«እኔ ደግሞ ቃል ሰጥቻታለሁ» አሉ እትዬ። «እሑድ ጠዋት ርግቧ ደረታቸው ላይ ካልዋለች፣ እዚህ ሰፈር ቀና ብዬ አልሄድም።»

ኮምፒውተሩን ስከፍተው አቧራው ለአንድ አልጋ ፍራሽ ይበቃል። ነፋሁለት። ከዚያ አበራሁትና ሳቄ መጣ። ውስጡ ያለው ሲስተም እኔ ሃይስኩል ሳለሁ እንኳ አሮጌ ይባል የነበረው ነው። አዘንኩላቸው፤ ማዘኔ እውነት ነበር። ጎረቤቴ ናቸው፣ ዳቦ ሲጋግሩ ሳይቆርሱልኝ አይውሉም፣ ለምን አላስደስታቸውም አልኩ። መደርደሪያዬ ላይ የነበረ ፈጣን አዲስ ዲስክ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ያለውን ሁሉ የሚያስቀምጥበትን ዕቃ፣ አወጣሁ፣ አሮጌውን ፈትቼ እሱን ገጠምኩ፣ በላዩም የመጨረሻውን አዲስ ሲስተም ጫንኩበት። የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶና የጥልፍ ሥዕሎቻቸውን በሙሉ ገለበጥኩላቸው። የሚጠልፉበትን ፕሮግራም ግን ስሙ በቻይንኛ ስለተጻፈ ሳላየው አለፍኩት፤ ቢጠፋ ሌላ ይገኛል ብዬ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው። አቧራ ንፊ የተባልኩት ሰው፣ ቤት አፍርሼ ሠራሁ።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት ደግሞ የሱሉልታው አሠልጣኝ መጣ። ሯጮች የሚያሠለጥን ሰው ነው፤ እህቱ ቡራዩ ስለምትኖር፣ እሷን ሊጠይቅ ሲመጣ ኮምፒውተሩን ይዞ ብቅ ይላል። የልምምድ ቪዲዮ የሚያስቀምጥበት ቦታ ጠቦት ነበር። ከእትዬ የፈታሁት ዲስክ እጄ ላይ ነበረና ተጨማሪ አድርጌ ገጠምኩለት። ጠርጌ መስጠት ነበረብኝ፤ ሰነፍኩ። «የቆየ ኮተት አለበት፤ ሲጠብብህ አጥፋው» አልኩትና ሸኘሁት።

አመሻሹ ላይ የእትዬን ኮምፒውተር መለስኩ። ሲነሳ አላቃሰተም። ዓይናቸውን ከማርገብገባቸው በፊት ተነሳ። ስክሪኑ ላይ የሐይቅ ፎቶ አድርጌላቸዋለሁ። መረቁኝ፤ እኔም ምርቃቱን ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሱቄን ገና ስከፍት በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ማል ጎቴ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ። ምን አደረግሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በኦሮምኛ ሲጀምሩ ነው ነገር መኖሩ የገባኝ፤ ፊታቸው ላይ ደግሞ ደስታ አልነበረም።

ሄጄ አየሁት። ማሽኑ ፀጥ ብሏል። ኮምፒውተሩ ማሽን የሚባል ነገር በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። የቻይናው ፕሮግራም የለም፤ ከኢንተርኔት ፈልጌ ባመጣውም አዲሱ ሲስተም «ይህን አላውቀውም» ብሎ መለሰው። እኔ ደግሞ ጥፋት ሲገኝብኝ አንደበቴ ይፈታል።

«እትዬ፣ ማሽኑ እኮ አርጅቷል።»

እትዬ የማሽኑን ክር ይፈትሹ ነበር።

«ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ለአዲሱ ሲስተም የሚሆን ማውጣት ነበረባቸው። የእነሱ ስንፍና ነው።»

«ባለፈው እሑድ ይጠልፍ ነበር» አሉ እትዬ። ሄደው ጋውኖቹን ያስቀመጡበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

አለመቆጣታቸው አናደደኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እልህ ይዞኝ እስከ ቀትር ድረስ ስታገል፣ የቻይናውን ፕሮግራም ሥዕሎች መክፈት የሚችል አዲስ የጥልፍ ፕሮግራም አገኘሁ። የማሽኑንም ገመድ እንደ ምንም ብዬ አስተዋወቅኩት። የእትዬ ርግብ ስክሪኑ ላይ ክንፏን ዘርግታ ስትወጣ «ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። ቁራጭ ጨርቅ ወጠርን፣ ማሽኑ መርፌውን ያርገፈግፈው ጀመር፣ እኔም እጄን አጣጥፌ ቆምኩ።

ርግቧ ስታልቅ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት። ዓይኗ ከጭንቅላቷ ውጭ ነው። ምንቃሯ ከፊቷ ተለይቶ ለብቻው እየሄደ ነው። የወይራ ቅጠሏ ደግሞ ከእግሯ ሥር ወድቆ ቀርቷል።

እትዬ ሳቁ። በዚያ ቀን ያን ሳቅ አልጠበቅኩም፤ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት። «ይቺ ርግብ የኖኅን መርከብ ስታ የመጣች ናት» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ነገሩን አስረዱኝ።

የድሮው ፕሮግራም አመል ነበረው። ክር በተለወጠ ቁጥር የሚቀጥለውን ቀለም ወደ ግራ ይስበዋል። ስንት እንደሚስበው ደግሞ እንደ ክሩ ብዛትና እንደ ሥዕሉ ስፋት ይለያያል። እትዬ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጨርቅ አበላሽተው፣ ከዚያ ለመዱት። ግራ ስለሚስብ እያንዳንዱን ቀለም አስቀድመው ወደ ቀኝ ይስሉታል። ዓይኑን ከጭንቅላቱ ውጭ ያስቀምጡታል፣ ፕሮግራሙ ስቦ ቦታው ይጥለዋል። አሥራ አንድ ዓመት የሳሉት ሁሉ እንዲህ ነው። እኔ ያመጣሁት አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ስህተት የሌለበት ነው፤ የተሳለውን በተሳለበት ይጠልፋል። ስለዚህ ዓይኑ ውጭ ቀረ።

«ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስህተት ሲሠራ ለምን አልተናገሩም?» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

«ለማን?»

የተበላሸውን ጨርቅ ከማሽኑ ማውጣት ያዝኩ።

«አመሉ ነው ብዬ ነው፣ ልጄ። ባል አመል አለው፣ ጎረቤት አመል አለው። አንቺስ የለሽም? ችለን አይደል የምንኖረው።»

«እንግዲያው ርግቧን እንደገና እንሳላት፣ እትዬ። በትክክሉ።»

«ያችን ርግብ ስስል ሁለት ሳምንት ነው የፈጀብኝ» አሉ። «ዛሬ ረቡዕ ነው።»

ወደ ሱቄ ተመልሼ መምህሬ ጋ ደወልኩ። ኮሌጅ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ሰበታ ዶሮ ያረባሉ። ስልካቸው ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰማው የዶሮዎቹ ድምፅ ነው፣ ቀጥሎ የእሳቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሳልነግር የቀረሁት ነገር ቢኖር ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነው።

«ከትናንት ወዲያ ይሠራ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ መምህር።»

«በመካከሉ ማን ነካው?»

«እኔ። ግን መምህር፣ ስህተቱ እኮ የፕሮግራሙ ነው። ወደ ግራ የሚስበው እሱ ነው፣ አዲሱ ትክክል ነው።»

«ስህተቱ የፕሮግራሙ ነው፤ ጥፋቱ ያንቺ ነው» አሉ። ዶሮዎቹ ተንጫጩና ትንሽ ጠበቁ። «ስሚ። ሲስተም የሚቀይር ሰው ሌላው የቆመበትን መሬት ነው የሚነካው። ከነካ በኋላ በላዩ የቆመው ከወደቀ፣ አወዳደቁ የማንም ይሁን የማን፣ የሚጠየቀው የነካው ነው። ያ ፕሮግራም ጠማማ ሊሆን ይችላል። ግን ሴትዮዋ ጠማማነቱን አውቀው፣ ለክተው፣ ሥራ ሠርተውበታል። ሥራ የተሠራበትን ስህተት አንቺ ተነስተሽ ላቃና ብትዪ፣ የምታፈርሺው ሥራውን ነው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«የነበረውን መልሺ። ከነስህተቱ። አሮጌው ዲስክ የት ነው?»

ዓይኔ ወደ መደርደሪያዬ ሄደ።

«ሰጥተሽዋል» አሉ መምህሬ። ጥያቄ አልነበረም፤ ልማዳችንን ያውቁታል።

አፈርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ስሰማ ሌላ ሰው የሚመለከት ይመስለኝ ነበር። እትዬ ጋ ተመልሼ ሄጄ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዲስኩን ነገ አመጣዋለሁ» አልኳቸው። ያን ለማለት ከአራት ሰዓት በላይ ነው የፈጀብኝ፤ ብዬው ሳበቃ ግን ቀለለኝ። እትዬ «ቶሌ» አሉ፣ እሺ እንደማለት ነው፤ የጋውኖቹን አንገት አንድ በአንድ ማስተካከል ቀጠሉ።

አሠልጣኙ ስልክ አያነሳም። ሐሙስ ማለዳ ከቡራዩ ታክሲ ይዤ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዤ በእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ወረድኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ላፕቶፔንና አንድ ባዶ ዲስክ በቦርሳዬ ይዣለሁ። አሠልጣኙን ያገኘሁት ሜዳው ላይ ነው፤ ልጆቹ ዙር ይሮጣሉ፣ እሱ ሰዓቱን ይዞ ይጮኻል። ልምምድ ላይ እያለ ስልክ እንደማይዝ ያኔ ነው ሜዳው ዳር የቆሙ ሰዎች የነገሩኝ። ዙሩ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ሯጮቹ ባጠገቤ ባለፉ ቁጥር በውስጤ «አጥፍቶት ከሆነስ?» እላለሁ፤ ዞረው ሲመጡ አሁንም እሱኑ እላለሁ። በዚያን ሰዓት የእትዬ ማሽን፣ የአርባ ሁለት ሰው እሑድ፣ የእኔም ስም፣ ሁሉም አንድ ሰው አንድ ቁልፍ በመንካቱና ባለመንካቱ ላይ ነበር።

«ያ ኮተት?» አለኝ ሲመጣ። «ትናንት ከሰዓት ላጠፋው ቁጭ ብዬ መብራት ሄደ። እስካሁን አልመጣም።»

መብራት በመጥፋቱ ፈጣሪን ያመሰገንኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

ቤቱ እንደደረስን ዲስኩን ልፈታ ካቻቢቴዬን ሳወጣ፣ «ቪዲዮዎቼስ?» አለ። በሁለት ቀን ውስጥ የልጆቹን ልምምድ በሙሉ ወደዚያ ዲስክ አዛውሮት ኖሯል። «እመልስልሃለሁ፣ አሁን ግን ቸኩያለሁ» ልለው አፌን ከፈትኩ። ያን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርሰው ነው ራሴን የሰማሁት። ለአንዷ ላቃና ሌላውን ልሰብር ነው። አፌን ዘጋሁና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ላፕቶፔን በባትሪ አስነስቼ የእሱን ዕቃ በሙሉ ወደ ባዶው ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ። ሲያልቅ አንድ በአንድ አስከፈትኩት።

«ይሄ ይታያል? ድምፁስ? በምን ነው የምታየው? ሌላ የምትጠቀምበት ነገር አለ?»

«ዛሬ ምን ነካሽ?» አለኝ። «ሌላ ጊዜ ገጥመሽ ትበሪ አልነበር?» እናቱ እርጎ አመጡልን፤ የሱሉልታ እርጎ ማንኪያ ያቆማል። ባትሪዬ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጨረስን፤ ባዶ የነበረውን ዲስክ ገጠምኩለትና የእትዬን ይዤ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ቡራዩ ነበርኩ። አሮጌውን ዲስክ ወደ ቦታው መለስኩት፣ ገመዱን ሰካሁ። ኮምፒውተሩ አቃሰተ። እትዬ የሐይቁን ፎቶ ሳይሆን የለመዱትን ባዶ አረንጓዴ ስክሪን ሲያዩ «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። የቻይናው ፕሮግራም ተከፈተ። ስክሪኑ ላይ የርግቧ ዓይን ከጭንቅላቷ ውጭ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ማሽኑ ጀመረ፣ ነጩ አለቀ፣ ክር ተለወጠ፣ ጥቁሩ ገባ፣ ፕሮግራሙም ያችን የታወቀች ስህተቱን ሠራ። ዓይኗ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እትዬ ጋውን እየወጠሩ ስለነበር አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩ ሆነዋል።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ሱቄን ዘግቼ የተረፈ ክር በመቀስ ስቆርጥ ዋልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ቅዳሜ ከሰዓት አርባ ሁለተኛው ጋውን አለቀ። እሑድ እትዬ «አብረሽኝ ትሄጃለሽ» ብለው ይዘውኝ ሰበታ ሄድን። አዲሱ አዳራሽ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ሲገቡ አርባ ሁለት ርግብ አብራ ገባች፤ ሁሉም ዓይን አላቸው፣ እኔ ቆጥሬአለሁ። መሪዋ ልጅ ከዘመሩ በኋላ መጥታ እትዬን አቅፋ «እማዬ፣ እግዚአብሔር ይባርክዎት» ስትላቸው፣ እትዬ ወደ እኔ እያመለከቱ «እሷም አለችበት» አሉ። እንዴት እንዳለሁበት እኔና እሳቸው ብቻ ነን የምናውቀው። ልጅቷ እኔንም አቀፈችኝ፤ ሐፍረትና ደስታ አንድ ላይ ምን እንደሚመስሉ ያን ቀን አወቅኩ።

ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከእንግዲህ እትዬ ኮምፒውተራቸውን ልይልዎት ብላቸው እንኳ በር ይዘጉብኛል ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ራሳቸው መጡ።

«ልጄ፣ ያ ዲስክ አንድ ቀን ይሞታል አይደል?»

«ይሞታል፣ እትዬ። ሁሉም ይሞታል።»

«እንግዲያው አዲሱን አዘጋጂልኝ። ግን የኔን ሁሉ ይዞ ይምጣ።»

እሺ ያልኩት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ጠዋት ጠዋት ሱቄን ከመክፈቴ በፊት አንድ ሰዓት ያህል አጠገባቸው እቀመጥና እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አራት ቀለም ሲሆን ምን ያህል ይስባል? ሥዕሉ ሰፊ ሲሆንስ? ክር ተበጥሶ እንደገና ሲጀምርስ? በልማድ ይሠሩታል እንጂ በቃላት ተናግረውት ስለማያውቁ፣ አንዳንዱን እጃቸው ነው የሚመልስልኝ፤ ማውሱን ይዘው «እዚህ ጋ» ይላሉ፣ እኔ እለካለሁ። በዚህ ሁሉ የተነሳ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሥራዋ አዲሱ፣ ትክክለኛው፣ ምንም እንከን የሌለበት ፕሮግራም ሲጠልፍ መሀል ገብታ እያንዳንዱን ቀለም ወደ ግራ ማጣመም ነው። ሰው ስህተት ለማረም ሌት ተቀን ይለፋል፤ እኔ ስህተት ለመሥራት ሦስት ወር ለፋሁ። ለመምህሬ ስነግራቸው ከዶሮዎቻቸው በላይ ጮኸው ሳቁ፣ «አሁን ባለሙያ ሆንሽ» አሉኝ።

እያንዳንዱን ሥዕል በአሮጌውም በአዲሱም ጠልፈን ጎን ለጎን እናስተያያለን። እትዬ በዓይናቸው አይተው አያምኑም፣ በጣታቸው ይዳስሱታል። አንዳንዱ ያልፋል፣ አንዳንዱ ይወድቃል፣ የወደቀው እንደገና ይሠራል። አንድ ቀን ሲበዛብኝ አንድ የድሮ የጽጌረዳ ሥዕል አውጥቼ፣ «ይሄን እንኳ ስምንት ዓመት ማንም አላዘዘውም፤ እንተወው» አልኳቸው።

«ያዘዘችው ሴት በሕይወት አለች» አሉኝ።

ሠራሁት።

የመጨረሻው የቀረው አንድ ትልቅ የትራስ ልብስ ጥልፍ ነበር፣ አሥራ አራት ቀለም ያለው። አንዱን በአሮጌው፣ አንዱን በአዲሱ ጠለፍነው። እትዬ ሁለቱንም ጨርቅ ወደ ጀርባቸው ወስደው አቀያየሩና ጠረጴዛው ላይ ዘረጓቸው።

«የቱ ነው የድሮው?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ገለበጥኩ፣ ጀርባውን አየሁ፣ ወደ ብርሃን ወሰድኩ። አላወቅኩትም። «እርስዎስ?» አልኳቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ አሂደው ሞከሩ፤ አልለዩትም። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሁን ቀይሪው» አሉኝ። ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ እስክጨርስም አልተነሱም።